ኑድሉን የቆረጠው ሰው

በቻይናዋ ማካዎ ከተማ፣ በአንድ ትልቅ ቁማር ቤት ውስጥ ባለችው ኑድል ቤት ሰው የሚበላው እየተጣደፈ ነው፤ ልቡ ቁማሩ ላይ ቀርቷልና። ያ ሰው ግን አልቸኮለም። ዕድሜው ስልሳን ይጠጋል፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ነው። የእጅ ሰዓት ይታሰርበት የነበረው ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል።

«ዛሬ ልደቴ ነው። የልደት ኑድል አምጪልኝ» አላት አስተናጋጇን ዋይ ፎንግን።

«እንኳን አደረሰዎት ጋሼ! ዕድሜዎ እንደ ኑድሉ ይርዘም» ብላ አንድ ወጥ የሆነውን ረጅም ኑድል አቀረበችለት።

«መቀስ አለሽ?»

የመድኃኒት እሽግ ሊቀድበት መስሏት ሰጠችው። እሱ ግን ኑድሉን ከሾርባው እያወጣ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ረጋ ብሎ ይከረትፈው ጀመር። በአገሩ ልማድ የልደት ኑድል መቁረጥ ዕድሜን መቁረጥ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዋይ ፎንግ ጮኸች።

«ኧረ ጋሼ! ምን ማድረግዎ ነው?»

«ረጅሙ ሰለቸኝ፣ ልጄ» አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ አንዴም ሳይቀምስ ተነሳ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ።

«ተይው፣ የተበላ ቁማርተኛ ነው!» አላት ወጥ ሠሪው ጋሽ ቾይ ከጓዳ ሆኖ።

ሰውዬው ግን ወደ ቁማሩም ወደ መንገዱም አልሄደም። አሳንሰር ውስጥ ገብቶ የመጨረሻውን ፎቅ ቁልፍ ተጫነ። እዚያ ከጣሪያና ከውኃ ታንከር በቀር ምንም የለም። በሩ ሊዘጋ ሲል፣ በዓይኗ ስትከተለው የቆየችው ዋይ ፎንግ ሽርጧን እንዳሸረጠች ዘላ ገባች።

«እኔም ወደ ላይ ነኝ» አለችው፣ እጅጌውን ጭምድድ አድርጋ ይዛ።