ብርቅዬ ከኦሳካ የተመለሰች ዕለት

በስደት በምንኖርበት ዌስተን ባለው ሕንጻችን መርዶ ሲኖር መጀመሪያ የሚደወለው ለብርቅዬ ነው። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ወለል ስታጸዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። የእድራችንን ሃያ አራት ተጣጣፊ ወንበሮች ስቶሬጇ ውስጥ የምታስቀምጠው፣ ጎህ ሳይቀድም ሽማግሌዎቹን አስከትላ በር የምታንኳኳው እሷ ናት። "ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን ሆኖ መስማት የለበትም" ትላለች።

ባለፈው ሚያዝያ ኦሳካ የምትሠራውን ልጇን ሔርሞንን ልታይ ሄደች። እዚያ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ዘርይሁን ደሴ ላይ አረፈ። ወገን በሌለበት አገር አይነገራት ተባለ። ስትመለስ እሑድ ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁላችንም ባለንበት እንድትረዳ ተወሰነ። ቅዳሜ ስትገባ አብሬያት እንዳመሽ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ።

ልጇ ያፌት እሷ ሳትደርስ ወንበሮቹን ከስቶሬጁ ሲያወጣ "የት ላድርጋቸው፣ እትዬ መሰረት?" አለኝ።

"መታጠቢያ ቤት፣ ገንዳው ውስጥ። የሻወሩን መጋረጃ ሳብበት" አልኩት።

ብርቅዬ እንደገባች ካፖርቷን ሳታወልቅ ወሬዋን ጀመረች።

"መሲ፣ ታክሲው በሩን ራሱ ይከፍትልሻል! ልዘጋው ብል ሾፌሩ በነጭ ጓንቱ ለመነኝ።"

"እንዳትገነጥይበት ፈርቶ ነዋ።"

ሳቀች። ሳቋን መስማት ከበደኝ።

"ባቡሩ ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ታጭቆ ድምፅ የለም። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ይንሾካሾካል። ሰዉ የሚቆምበት መሬቱ ላይ ተሰምሮለታል። ቁራው ደግሞ ዶሮ ያክላል። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ይቆምና ወደ ውስጥ ያየኛል።"

"እሽ አትይውም?"

"ብለውስ መቼ ሄደ!" ካፖርቷን አወለቀች። "ጥርት ያለ ከተማ ነው። ግን ሔርሞንን 'እዚህ ሰው የሞተበት የት ሄዶ ነው የሚያለቅሰው?' ብላት፣ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ስልኬንም ተበላሽቷል ብላ ወሰደችብኝ። ዘርይሁን ድምፄን ከሰማ ዐሥር ቀኑ፤ ይቆጣኛል።"

ከሻንጣዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ግራጫ ጃንጥላ አወጣች። "ይኼ የእሱ ነው። የደሴ ነፋስ አይገለብጠውም።"

ሻይዋ ላይ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

"ቆይ እጄን ልታጠብ" ብላ ተነሣች።

ከያፌት ጋር ተያየን። አሥራ ሦስት ሰዓት የበረረ ሰው መጀመሪያ የሚገባው እዚያ መሆኑን እንዴት አላሰብኩም? ውሃው ሲፈስ ሰማን። ቀጥሎ የመጋረጃው ቀለበቶች ተንሸራተቱ። ውሃው ቆመ።

እጇ እንደረጠበ ወጣች።

"ስንቱን ነው ያወጣኸው?" አለችው ልጇን።

"ሁሉንም፣ ማሚ።"

ለሩቅ ዘመድ ዐሥራ ሁለት ነው የምናወጣው። ሃያ አራቱም የሚወጡት ለቅርብ ሥጋ ነው። ይህን ደንብ ያወጣችው ራሷ ናት።

ተቀመጠች። ጃንጥላውን አንሥታ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

"መሲ።"

"ወዬ።"

"በስንት ሰዓት ነው?"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። "በአሥራ ሁለት።"

"እንግዲያው እስከዚያ ማንም ስም እንዳይጠራብኝ።" ሻይዋን ከነድርብ ስኳሩ ጠጣችው። "ያፌት፣ ጀርባው የተላጠው ወንበር እግሩ ይከዳል። ለቄሱ እንዳትሰጠው።"

"እሺ፣ ማሚ።"

"ቁራው ጋ ነበር የደረስኩት?"

"ቁራው ጋ" አልኳት።