የቀረሁበት የአጨዳ ቀን

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሐሙስ የደረስንበት ቃል «ቶይል» ነበር። «ልፋት ማለት ነው» አልኳቸው ተማሪዎቼን፤ ተራ ሥራ ሳይሆን ረጅም ሰዓት የሚወስድ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ። ሰው ስለ ሌላው ሲያወራ ነው የሚጠቀምበት፤ ስለ ራሱ ካለው ማማረር ይመስልበታል። አጠቃቀሙን ላሳይ ብዬ «አባቴ እርሻው ላይ ይለፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ገለበጡት። እኔም ጥሩ ምሳሌ ሰጠሁ ብዬ ደስ አለኝ። ዓይን አውጣነቴ!

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሐርቡ አጠገብ ያለው የአባቴ ጤፍ ሲታጨድ አንዱ አጫጅ እኔ መሆን ነበረብኝ። የሚታጨደው በወንፈል ነው፤ ዛሬ ጎረቤቶችህ ያንተን ያጭዱልሃል፣ ነገ አንተ የእነሱን ታጭዳለህ። እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ጠዋት ደወልኩና «ፈተና እያረምኩ ነው» አልኩት። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አዝዤ ነበር። «በርታ ልጄ፣ አላህ ያግዝህ» አለኝ። ያ «በርታ» እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የእኔን ቦታ ጎረቤታችን ወንድሙን አምጥቶ ሞላው። እንግዲህ የዚያ ሰው ቀን መመለስ አለበት ማለት ነው።

ትናንት ቅዳሜ ህሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ በኮምቦልቻ በኩል ወረድኩ። ቤት ያገኘሁት እናቴን ብቻ ነው።

«አባትህ ጎረቤት ማሳ ወርዷል፤ ወንፈል ሊመልስ» አለችኝ።

ቢያንስ የራሴን ቀን ራሴ ልመልስ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ማሳው ዳር ስደርስ እንደ ማንኛውም መንገደኛ «አላህ ያበርታችሁ!» አልኩ። «አሚን» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። አባቴ ብቻ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«መምህሩ ልጄ መጣ!» አላቸው።

አፈርኩ። ጫማዬን አውልቄ ማጭዱን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ይረፉ። የኔን ቀን እኔ ልጨድ።»

«ተው እንጂ! ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ከርመህ? ሂድ ጥላው ሥር አረፍ በል።»

ጎረቤታችን ነዶ እያሰረ ሳቀ። «ያንተንማ ወላሂ አባትህ ሐሙስ ለት ጨርሰውልሃል። የዛሬው የራሳቸው ነው።»

ሐሙስ። እኔ ሰሌዳው ላይ ስለ እሱ ስጽፍ እሱ እዚህ ጎንበስ ብሎ የእኔን ቀን ያጭድ ነበር። ማጭዱን እንዲሰጠኝ ደግሜ ለመንኩት። «ደክሞሃል» አለኝና አጨዳውን ቀጠለ።