ማተቤ ላይ ያሰርሁት ቁልፍ

«ስድስት ሳምንት አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም እያለችሽ ነው» አለችኝ እህቴ፣ ስዊድናዊቷ ሐኪም የተናገረችውን ስትተረጉምልኝ። እግሬ በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። የመንዝን ቁልቁለት ስወርድ ያደግሁ ሴት፣ ስዊድን አገር ምንጣፍ የለበሰ ደረጃ ላይ ተሰበርሁ። ያውም ለሦስት ሳምንት ዕረፍት እህቴ ዘንድ መጥቼ!

እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። እህቴ የምጸልይ መሰላት። እኔ ግን የምዳስሰው ማተቤ ላይ ያሰርሁትን የሳጥን ቁልፍ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገሬ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ የእመቤታችን ማኅበር አለን። በየወሩ በሃያ አንድ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት ይደርሳል፣ ከጽዋው ጠላ እንቀምሳለን። ስንነሣ ባለተራው ጽዋውን ተቀብሎ ይወስዳል፤ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእሱ ነው። ከመምጣቴ በፊት የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ። ለሃያ አንድ እደርሳለሁ ብዬ፣ ሸክላ ነውና አይጥ ጥሎ እንዳይሰብረው፣ በነጠላዎቼ ጠቅልዬ ከአባቴ ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ጥንቃቄዬ ጉድ ሠራኝ። ተራዬን ማጉደሌ ሳያንስ ጽዋውንም አስሬው ቀረሁ።

ለማኅበሩ መሪ፣ «ሙሴ» ለምንላቸው አዛውንት፣ ደወልሁ።

«አባባ፣ ሳጥኑን ስበሩት።»

«ምን በወጣን! በስተርጅና ሳጥን ሰባሪ ልታደርጊን ነው?»

«ጽዋው እኮ ውስጡ ነው።»

«ውስጡ ካለማ አልጠፋም። ይልቅ እግርሽን አስጠግኚ። ደግሞ የመንዝ ሰው ከደረጃ ወደቀ ብለሽ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ታዋርጂናለሽ።»

በሃያ አንድ፣ የቤቴን ቁልፍ ከጎረቤቴ ተቀብለው ገቡ። ሴቶቹ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ጋግረው፣ የተቆለፈውን ሳጥን መካከል አስቀምጠው ተራዬን ደገሱልኝ። ካህኑም «ጽዋው ከመካከላችን አለ» ብለው ጸሎቱን አደረሱ። ሲያበቃ ቀጣዩ ባለተራ ሳጥኑን እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ሄደ። በወሩ ደግሞ ሌላው። አንድ ጊዜማ በአህያ ተጭኖ ከከተማ ወጥቶ በቀየት መንገድ አንድ ባለተራ ቤት ድረስ ሄዷል አሉ።

«ሳጥንሽ ካንቺ ይበልጥ ዘመድ ጠያቂ ሆነ» አሉኝ ሙሴ።

እግሬ ዳነ። እህቴ ደግሞ ወለደች፤ የልጁን ክርስትና ሳላይ አልሄድም አልሁ። ከዚያ ጾሙ ይፈታ አልሁ። ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጠኝና አረጋውያን ጦሪ ሆኜ ተቀጠርሁ። የማኅበሩ ሰዎች በደወሉ ቁጥር «ቁልፉን ላኪው» ይሉኛል፤ እኔም «መንገደኛ አጣሁ» እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እዚህ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን በየእሑዱ አገር ቤት የሚሄድ መንገደኛ ሞልቶበታል። ቁልፉ አንገቴ ላይ እስካለ ድረስ ግን ለዕረፍት የመጣሁ እንግዳ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ወደ አገር ቤት ለምትሄድ አንዲት እናት ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼ በመሐረብ ቋጥሬ ሰጠኋት። አንገቴ ቀለለኝ፤ አሁንም ግን እጄ እየሄደ ይፈልገዋል።

እንግዲህ በዚያ ሃያ አንድ ቤቴ የነበራችሁ፣ ሳጥኑን ሁላችሁ ባላችሁበት ክፈቱት። ጽዋውን አለቅልቃችሁ ሙሉት። ነጠላዎቼን ሴቶቹ ይልበሷቸው፤ ከሥር ያለውን የክት ቀሚሴን ግን አትንኩብኝ። ተራዬም ሲደርስ፣ አደራ፣ ስሜን ሳትዘሉ ጥሩ።