ለአፓርታማውም ለሟቹም አንድ ዜማ

አዲስ አበባ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ የፎቶና ቪዲዮ ቤት ሥራ የጀመርኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። ያስገባኝ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ነው፤ ሕንፃ ላይ መብራት የሚዘረጋ ሠራተኛ ነበር። ለሱቁ ባለቤት ለጌቱ፣ ይሄ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ መብላት ይረሳል ብሎ አስረከበኝ። ጌቱ ምሳ እንደማይጠየቅ ሲሰማ ደስ አለው።

በመጀመሪያው ቀን የስላይድ ማጀቢያ ሙዚቃ አጫጫን አሳየኝ፦ ዘፈኑን አስገባ። ራሱ እንዲጀምር አድርግ። እስከ መጨረሻው ስላይድ እንዲዘልቅ እዘዘው፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ይቆማል። የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ደብቃት፤ ሙሽራዋ ፊት ላይ ትቀመጣለች።

አንድ ነገር አልነገረኝም። ያኔ ስላይዱ ዘፈኑን በውስጡ አይዝም ነበር፤ የተቀመጠበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሩዋንዳ ኤምባሲ አካባቢ ለነበረ የምርቃት ድግስ ስላይዱን ብቻ ፍላሽ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ዘፈኑ ሱቅ ቀረ። አባትየው ልጃቸው በድብቅ ተመርቃ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አንድ ፎልደር ውስጥ አደርጋለሁ።

ዘመኑ የግንባታ ነበር። ከኦሎምፒያ እስከ ገርጂ ያልተቆፈረ ቦታ የለም። ያልተሠራ ፎቅ የሚሸጥ ሁሉ ስላይድ ያሠራል። ጌቱ አንዲት የኪቦርድ ዜማ ነበረችው፤ ቀስ የምትል፣ ሆድ የምታባባ። ለአፓርታማውም ለሙት ዓመቱም እሷን ነው የምንጭነው። ሟቹም ፎቁም እኩል ይናፈቃሉ። ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ የለም።

ከዚያ ግርማ ሞተ። ታሞ ነበር። ብዙ አልጽፍም።

ለአርባው ስላይድ ይሠራ ያለው ጌቱ ነው፤ ዜማዋንም መርጦ ጨርሷል። እናቴ ግን ከሐዘኑ ወዲህ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን አስከፍታ አታውቅም። ፎቶውን ፈቀደች፤ ሙዚቃውን ከለከለች።

ለጌቱ ነገርኩት። «ሙዚቃ የሌለው ስላይድ የኬክ ቤት ሜኑ ነው» አለኝ። «ሰዉ ያዛጋብሃል።»

ፈራሁ። ለወንድሜ የምሠራለት የመጨረሻ ሥራ ነው፤ እንዲያዛጉበት አልፈለግኩም። ዜማዋን ጭኜ ድምፁን ዝቅ አደረግኩ። ግን እሷን ስሰማ የሚታየኝ ባለሁለት መኝታ ቤት ነው። አወጣኋት።

በአርባው ዕለት፣ ሰው ከበላ በኋላ፣ ዘመዶች ሳሎን ተቀመጡ። ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ። ፎቶዎቹ በየጥቂት ሰከንዱ ራሳቸው ያልፋሉ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ጌቱ ከጥግ ሆኖ አየኝ።

ግርማ ጣሪያ ላይ ጃኬት ለብሶ የቆመበት ፎቶ መጣና አለፈ።

«ቆይ» አለች እናቴ። «የት ወሰድከው?»

መለስኩት። ራሱ እንዲያልፍ የሚያደርገውንም አጠፋሁ።

አጎቴ ጋሽ ታደሰ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «ያ ጃኬት የኔ ነው። ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶት፣ ይኸው ዛሬ አገኘሁት።»

አንዱ ሳቀና ደንግጦ እናቴን አየ።

እሷም «ተወው ባክህ» አለችው አጎቴን። «አንተ ላይ እኮ ጆንያ ነበር የሚመስለው።»

ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ማውራት ጀመረ። ስለ ጣሪያው፣ ስለ ግርማ ከፍታ አለመፍራት፣ ስለ መጥፎ አነዳዱ። ጌቱ ራሱ ሊያወራ ሲጀምር ሁለቴ አቋረጡት። ወሬው ሲያልቅ እናቴ «በል አሁን አሳልፈው» ትለኛለች፤ አሳልፋለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይሄ ነው። ማጀቢያ ከመጨመራችሁ በፊት፣ ስለ ፎቶዎቹ የሚያወራ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ካለ ሙዚቃውን ተዉት፤ ስላይዱንም በእጅ አሳልፉ።