ሮቦቱን የተራመድኩት ቀን

ሴት ልጄ ስድስት ዓመት ሞልቷት አንድም ቀን እማዬ ብላኝ አታውቅም። ጆሮዋ ይሰማል፤ ሐኪሞቹ አረጋግጠውልኛል። ስጠራት ግን አትዞርም። ስስማት ግድግዳ የሳምኩ ያህል ነው። መናገሩ ይቆይ፤ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ነበር የምፈልገው። እኔ መኖሬን ታውቃለች ወይ?

በሳምንት ሁለት ቀን ከጉርድ ሾላ በታክሲ ይዣት ቦሌ እሄዳለሁ፤ እንደሷ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ቤት አለ። አምና እዚያ አንድ ትንሽ ሮቦት መጣ። ቁመቱ ከጉልበቴ አይበልጥም፣ ዓይኑ መብራት ነው፣ ሰላም ይላል፣ እጁን ያወዛውዛል። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። እኔን እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀናሁበት።

"ሚስ፣" አልኳት አስተማሪዋን፣ "ይሄ ነገር ልጄን አይወስድብኝም?"

"ወዴት ይወስዳታል ብለው ነው?" ብላ ሳቀች። "ቻርጅ ካላደረግነው እኮ በሩ ድረስም አይሄድም።"

ከዚያ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ማቋረጤን ስለምታውቅ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "ሰው ሰውን ሲያይ 'ይሄ ሰው ምን እያሰበ ነው?' እያለ የሚሠራ የአንጎል ክፍል አለ። ሮቦት ስናይም ይሠራል። ልብ አለው ብለን ካሰብን ደግሞ ይበረታል፤ ዕቃ መሆኑን እያወቅን እንኳ።"

"የእኔም?"

"የእርስዎም፣ የእኔም። ትናንት በወንበር ገጭቼው ይቅርታ ብዬዋለሁ።"

የልጄስ? ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አንድ ረቡዕ ትምህርቱ አልቆ፣ ሮቦቱ ተዘግቶ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። የልጄን ጫማ ላመጣ ተራምጄው አለፍኩ። ቀሚሴ ተያዘ። ዞር ስል ልጄ ናት፤ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። የተኛን ልጅ የተራመደ ሰው ተመልሶ ካልተራመደው ልጁ አያድግም ይባላል። ቤታችን አንድ ክፍል ናትና ስንት ጊዜ ተራምጃት ይሆን! እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ሳልመለስ ቀርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ሁሉ ጣራ ጣራ ታያለች የምላት ልጅ እኔን ታይ ኖሯል።

ሮቦቱን ተመልሼ ተራመድኩት። ቀሚሴን ለቀቀችው።

"አዩ! አሰበችለት እኮ!" ብላ ሚስ አጨበጨበች።

ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ለማን አሰበች? ለዚያ ፕላስቲክ።

ቤት እንደገባን ልጄ ወለሉ ላይ ተጋደመች። አውቄ ተራመድኳትና ቆምኩ። እናት ይህን አታደርግም፤ እኔ ግን አደረግሁት። ትጎትተኝ እንደሆነ ጠበቅሁ። ጣራውን ታያለች። ጠበቅሁ። እሷ ሳትፈራ እኔ ፈራሁ፤ አልቻልኩምና ተመልሼ ተራመድኳት።

ስመለስ እግሯን ሰብሰብ አደረገች። መንገድ ልትሰጠኝ ይሁን እንዲሁ ተንቀሳቅሳ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚስ የነገረችኝ ያ የአንጎል ክፍል የሌለውን እያሳየኝም ይሆናል።

ብቻ፣ "ተባረኪ" አልኳት።