ዘበኛው ከልጁ ቦርሳ የፈለገው

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ነው። በር ላይ ቆሞ ከሥራ የሚወጣውን ሁሉ ሲፈትሽ ስለኖረ ጠባዩም ሥራውን መስሎ ቀርቷል። «እንደምን አደርክ?» ቢሉት «ምን ፈልገህ ነው?» የሚል ሰው ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የተባለው ለእሱ ይመስለኛል።

እኔ ተማሪ ነኝ። የምርምር ዘዴ የምታስተምረን መምህርት አንድ ሰው አነጋግረን እንድንመጣ አዘዘችን። «እውነት አንዲት ናት፣ ተለክታና ተቆጥራ ታልቃለች ብሎ የሚነሳ ተመራማሪ አለ» አለችን። «እናንተ ግን የምትነሱት ሰው ለሚሠራው ነገር ራሱ ከሚሰጠው ትርጉም ነው። ድርጊቱን ማየት ብቻ አይበቃም። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ስለ ሰውዬው የምትገምቱትን ጻፉ፤ ያለዚያ የራሳችሁን ድምፅ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።»

እኔም ጻፍኩ፦ «አባቴ አያምነኝም።» ይሄ ደግሞ ግምት ነው እንዴ? በዓይኔ ያየሁት ነው እንጂ! ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስገባ በየቀኑ ቦርሳዬን ይበረብር ነበር። ፋብሪካው በር ላይ እንኳ ዘበኛ እጁን ሰው ቦርሳ ውስጥ አይከትም፤ ባለቤቱ ይከፍታል፣ እሱ ያያል፤ ደንቡ ነው። ለባዕድ ዓይኑን፣ ለእኔ ግን እጁን እስከ ክርኑ! ታላቅ ወንድሜን አንድም ቀን ፈትሾት አያውቅም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌላ ሰው ማነጋገር እችል ነበር፤ እሱን የመረጥኩት ለምን እንደ ሌባ እንዳየኝ ከራሱ አፍ ልሰማ ብዬ ነው።

ሳሎን ተቀምጠን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩና መቅረጫውን ከፈትኩ።

«ማነው የላከሽ?»

«መምህሬ።»

«እሷ ስለ እኔ ምን አገባት?»

«አባዬ፣ ስምህ እኮ አይጠቀስም።»

«አሃ! ምን ልታስወሪብኝ ነው ስሜ የሚደበቀው?»

«ካልፈለግክ ደግሞ መሃል ላይ ማቋረጥ ትችላለህ።»

«ገና ሳልገባ መውጫውን የሚያሳየኝ ሰው አንድ ነገር አስቧል» ብሎ ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም ስለው ጭራሽ ባሰበት። «እንዲህ እያለ የሚያግባባ መርማሪ ብቻ ነው» አለ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ያዘጋጀኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ ተውኩና «ቦርሳዬን ለምን ነበር የምትፈትሽብኝ?» አልኩት።

«አላምንሽም ነበራ!» አለ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

ይኸው! አላልኩም? እንባዬ መጣ። ስልኬን አንስቼ ልወጣ እጄን ስዘረጋ የመምህሯ «ድርጊቱን ማየት ብቻ አይበቃም» ትዝ አለኝ። እንደ ምንም ራሴን ያዝኩና «እሺ፣ ምን ነበር የምትፈልገው?» አልኩት።

«ምሳ ዕቃሽን ነዋ።»

«ምሳ ዕቃዬን?»

«ስትገቢ 'በላሁ' ትያለሽ፤ አንገትሽ ግን ክር አክሏል። ወንድምሽ ዕቃውን ልሶ ነው የሚመጣው፣ እሱን ምን ብዬ ልፈትሽ? የተከደነ ዕቃ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። እጄን ሰድጄ ሳነሳው ከከበደ፣ ዋሽተሻል። ያን ቀን እናትሽን እራት ድገሚላት እላታለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ብዬ ምሳዬን ሳልነካው እመልስ ነበር። እናቴ «ድገሚ፣ ድገሚ» ስትለኝ ደግሞ የእሷ ጭቅጭቅ ነበር የሚመስለኝ።

የጻፍኩትን ግምት ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሳሁ። ግን ምኑን ልሰርዝ? ሰውዬው እንደሆነ አላመነኝም።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«ለመሆኑ ዛሬ ምሳ በልተሻል?»

«በላሁ።»

ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቅል አለ። እኔም ቦርሳዬን ከእግሬ ሥር አነሳሁና አስጠጋሁለት። ምሳ ዕቃዬ ዛሬም ከባድ ነበር።