አፈ ጠባቧ ጠመንጃና አረንጓዴው ሜዳ

ኅዳር ነበር፤ ዝናቡ ከላይ መውረዱን ትቶ ከጎን የሚመጣበት ወር። ሊያ ልጄ፣ አንቺም ጓደኞችሽም ስልካችሁን ለጊዜው አስቀምጡና ስሙኝ። እዚህ ቤት በመጣችሁ ቁጥር «ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው ጠመንጃ አንገቷን ምን ነክቷት ነው ሽቦ የተጠመጠመባት?» ትሉኛላችሁ። ዛሬ ሥራ የለኝም፣ ሜትሮውም ተቋርጧል፤ የትም አትሄዱም።

ሦስት ሆነን ነው የወጣነው። አንደኛው የወሎው ሰይድ ነው፤ እዚሁ ሮተርዳም ዙይድ ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ የሚኖረው፣ የጭነት መጋዘን ውስጥ የሚሠራው። ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ ጓደኛሞች ነን። ልብሴን ለብሷል፣ አልጋዬ ላይ ተኝቷል፤ አብረን ያልበላነው ሥጋ ብቻ ነው። የክርስቲያን ቢላዋ ያረፈበትን እሱ አይበላም፣ የእስላም ቢላዋ ያረፈበትን እኔ አልበላም። ሽሮ ሲሆን ግን ከአንድ ትሪ ነው፣ ያውም ተሻምተን። ሌላው ሄንክ ነው፤ መርከብ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ የስኪዳም ከተማ ሽማግሌ። ሚስቱ ጉልበቷን ታማ በነበረ ጊዜ በቶይስዞርግ፣ ማለት በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራዬ፣ እየተመላለስኩ እረዳት ነበር። አንድ ቀን ሻይ ላይ ባሌ ተራራ ለፈረንጅ አዳኞች ዱካ መሪ እንደነበርኩ ሳወራ ሰማና ክንዴን ይዞ ጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ቤቱ ወሰደኝ። በሌላ ቀን ሰይድን አስከትዬ ሄድኩ።

ቤቷ በድሮ ጠመንጃ ተሞልታለች፤ ሁሉም በባልጩት የሚተኩሱ ናቸው። እንደ ዛሬው ቀለህ ያለው ጥይት አይገባባቸውም። ባሩዱን በአፈሙዙ ትጨምራላችሁ፣ ድብልብሏን እርሳስ ቅባት በነካው ጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘንግ እስከ ታች ትጎሰጉሳላችሁ። ከጎን ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ደግሞ ቆንጠር ያለ ባሩድ ታደርጋላችሁ። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን መትቶ ይፈነጥቃል፣ ሳህኗ ቦግ ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ዋናው የሚጮኸው። በመካከሉ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ አለች፤ በዚያች ጊዜ የበረገገ ሰው የሚመታው ሰማዩን ነው።

«ምረጥና ላውስህ» አለኝ ሄንክ።

እኔ ደግሞ የደጋ አጋዘንን ዱካ በውርጭ ላይ የለየሁ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ነገር አያረካኝም። ዓይኔ አውራ ጣት የሚያስገባ አፍ ባለው ላይ አረፈ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲያነሡት ልብ የሚሞላ። ሰይድም «እሱ ነው ጠመንጃ» አለ። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ነበረች፤ አፏ የትንሽ ጣቴን ጫፍ አያስገባም፣ ስትቆም ግን አገጬ ድረስ ትደርሳለች። ሰይድ አያትና «ይቺማ ገና ጡት አልጣለችም» አለ።

ሄንክ ሰማንና «ምን ልትበላ ነው?» አለኝ። ልብ በሉ፣ ምን ልትገድል ነው አላለኝም።

«አሳማ?» አለ። ሁለታችንም እጃችንን አወዛወዝን።

«ጥንቸል?»

«እኔ አልበላም፣ ሃይማኖቴ ይከለክላል» አልኩ።

«ዳክዬ?»

«ሚስቴ እኔንም አብራ ነው የምታስወጣኝ።»

ሄንክ ራሱን ይዞ «ታዲያ እናንተ ሰዎች ምን ልትሆኑ ታድናላችሁ?» አለ። በመጨረሻ ፋዛንት ትዝ አለችው፤ የቆቅ ዘመድ የሆነች፣ ጭራዋ ረጅም፣ ሁለታችንም የማንጸየፋት ወፍ። «እንግዲያው በዚያ በትልቁ ብትመታት የሚተርፍልህ ላባ ነው» ብሎ ወፍራሙን ከእጄ ተቀበለኝና ቀጭኗን ሰጠኝ። ባሩዷ ጥቂት ነው፣ ትከሻ አትመታም፣ ሥጋ አታበላሽም። ክፋቷ እርሳሷ ቀላል ስለሆነች ነፋስ ይዟት ይሄዳል፤ ስለዚህ ቀርቦ መተኮስ ግድ ነው። እኔ ቅር እያለኝ ተቀበልኩ። መንገዱን ሙሉ ሰይድ «ሕፃኗን አቅፋት፣ እንዳይበርዳት» እያለ አናደደኝ።

እዚህ ሆላንድ በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ወረቀት መምታት እንጂ ማደን አይፈቀድም። ከቤልጅየም ወዲያ፣ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ግን የሄንክ ሚስት ወንድም እርሻ አለው። ፈቃዱን ሁሉ ጨርሰን ነው የሄድነው። ሰይድ የመጣው ሾፌር ሆኖ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ግን የተሳለ ቢላዋ አለ። እኔም ኪስ ውስጥ አለ። ምክንያቱን የሊያ እናት አልማዝ ታውቃለች። አልማዝ በር ላይ ቆማ «በክት ይዘህ እቤቴ ድርሽ እንዳትል» ብላኛለች። በክት ማለት፣ ለእናንተ እዚህ ለተወለዳችሁት፣ ሳይታረድ የሞተ ነው፤ ጥይት ብቻውን የገደለውን አንበላም። በነፍሱ ደርሰህበት፣ ስመ ሥላሴ ጠርተህ ልታርደው ይገባል። ሰይድም እንደዚሁ፣ በቢስሚላህ።

ሊያ «ኤኽት? የምር? ታዲያ አንድ ወፍ ብቻ ብትመታስ ማን ያርደዋል?» ትለኛለች። እኛም መኪና ውስጥ ስንከራከርበት የሄድነው እሱኑ ነው። የቀደመ ያርዳል፣ የተቀደመ ሽሮውን ይበላል ተባባልን። ሰይድ ሲስቅ ሲስቅ ነው የተስማማው፣ እኔ ግን የምሬን ነበር። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ በእጄ ያደንኩት ነገር ማዕዴ ላይ ቀርቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚስቴና ልጄ ፊት እንዲቀርብ ፈልጌ ነበር።

እርሻው እንደ እጅ መዳፍ ሜዳ ነው። በቆሎው ታጭዶ ቆረኑ፣ የአገዳው ጉቶ፣ ቀርቷል፤ በየመካከሉ ቦይ አለ። ጠመንጃዋ እርጥበት ጠላቷ ነውና ሳህኗን የአልማዝን የሻወር ቆብ አልብሻታለሁ፤ አበባ ያለበት ሮዝ ቆብ። ሰይድ ሲያየው መሬት ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ጭቃው ላይ ዱካ አገኘሁ፦ ሦስት ጣት ወደፊት፣ አንድ ነጥብ ወደኋላ፣ ከኋላው ጭራ የሳበው ቀጭን መስመር። የረገጠው ቦታ ውኃ ገና አልሞላበትም። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለካ ዓይኔ አልረሳም።

ነፋሱን ፊቴ ላይ አድርጌ በጉልበቴ ሄድኩ። አውራው ፋዛንት ከቆረኑ መሐል አንገቱን ብቅ አደረገ፤ ቀይ ፊት፣ አረንጓዴ አንገት። ቆቡን ገፈፍኩ፣ ሳብኩ፤ ቀጭ አለና ቀረ። ባሩዱ ረጥቧል። ወፉ ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ አየኝ። ሳህኗን በእጅጌዬ ጠርጌ ደረቅ ባሩድ ጨመርኩ፣ ደግሜ ሳብኩ። ቦግ። ትንፋሼን እንደያዝኩ ቆየሁላት። ጧ። ጭሱ ገለል ሲል ወፉ እየተፍገመገመ በሮ አንድ አረንጓዴ ሜዳ ተሻግሮ ወደቀ። ክንፉን ያራግባል፤ ነፍስ አለው።

ጠመንጃዬን በግራ፣ ቢላዋዬን በቀኝ ይዤ ሮጥኩ። በጎን ስመለከት ሰይድም ይሮጣል፤ እሱ ግን ጫማው እንዳይረጥብ በሩቁ ባለችው ሳንቃ ዞሮ ነው። ቀደምኩት ብዬ ልቤ ጨፈረ። ከኋላዬ ሄንክ «ክሮስ! ክሮስ!» ብሎ ይጮሃል። ሽማግሌው በእንግሊዝኛ «ተሻገር» እያለ የሚያበረታታኝ መሰለኝ። እናንተ ሳቁ፤ ክሮስ በደችኛ ውኃ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚተኛ ጥቃቅን ቅጠል መሆኑን እናንተ ከትምህርት ቤት ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው ክሮስ የኳስ ሜዳ ነው። ተሻገርኩ።

ሜዳው ተከፈተና ዋጠኝ። እስከ ደረቴ ገባሁ፤ ብርዱ ትንፋሼን ቀማኝ። የከፋው ውኃው አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ነው፤ ቦቲዬን ይዞ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ወደ ታች ይስበኛል። ዋና አልችልም። ባሌ ላይ ማን ያስተምረኛል? ቢላዋው ከእጄ ሄደ፣ ጠመንጃዋን ብቻ ከራሴ በላይ ይዣለሁ። ውኃው ትከሻዬ ላይ ደረሰ። ፈራሁ፤ አልዋሻችሁም፣ ከባሌ ነብር ይልቅ ያንን ቦይ ፈራሁ።

ሰይድ ወዲያ ማዶ ደረሰ። ወፉ እግሩ ሥር ይንፈራገጣል፤ ቢላዋው በእጁ ተከፍቷል። ጎንበስ ቢል በቃ፣ የእሱ ነው። እኔም እንዲያ ሆኜ፣ ጉድ እኮ ነው፣ «ሰይድ፣ እረደው! በክት እንዳይሆን!» እለዋለሁ።

«ዝም በል» አለኝ። «አንተው በክት ልትሆን ነው።»

ቢላዋውን ሣሩ ላይ ወረወረና በደረቱ ተኛ። እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰም። «ጠመንጃዋን!» አለኝ። ባዶ መሆኗን ባውቅም አፈሙዝ ወደ ሰው ማዞር አልወድምና ሰደፉን ሰጠሁት፣ አፈሙዙን እኔ ያዝኩ። ቁመቷ ልክ ደረሰ። ያ አጭሩ፣ ልብ የሚሞላው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ሰይድ ሳበ፤ የሰደፉ አንገት ሲሰነጠቅ ሁለታችንም ሰማን። ሰይድ ግን አልለቀቀም። እያነከሰ የደረሰው ሄንክ የሰይድን እግር ያዘ፣ እሷም ቻለች። ቦቲዬን ቦዩ አስቀረው፣ እኔን መለሰኝ።

ሣሩ ላይ ተዘርግተን ስናለከልክ ወፉን አየነው። ሞቷል። ማንም አልደረሰበትም። መጀመሪያ የሳቀው ሰይድ ነው፤ ከዚያ እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ከዚያ ነገሩ ያልገባው ሄንክ። ወፉን ሄንክ ወሰደው፤ በቅቤ ጠብሶ በላውና ጣፋጭ ነበር ብሎ ያለምንም ሐፍረት ነገረን። እኔ በሰይድ ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ባዶ እግሬን የመኪናውን ማሞቂያ እየሞቅኩ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሰይድ «ክሮሱንስ አደረግከው፣ ማን በቴስታ ይግጨው?» እያለኝ።

ጠመንጃዋን ሄንክ አንገቷን በነሐስ ሽቦ አስሮ ለእኔ ሰጠኝ፤ ልመልስለት ብልም አልተቀበለኝም። እንግዲህ ከጠየቃችሁኝ፣ ጠመንጃ ስትመርጡ በምትፎክሩበት ሳይሆን በምትበሉት ምረጡ። ጓደኛም እንደዚያው ነው፤ ከሩቅ ስታዩት ልብ የሚሞላውን ሳይሆን፣ ስትሰጥሙ የሚደርስላችሁን። እኔ ይህን ያወቅሁት በአንድ ቀን ነው፤ ሽቦዋን ባየሁ ቁጥር ደግሞ ደስ ይለኛል።

የዚያን ዕለት ደረጃው ላይ ስንደርስ አልማዝ በሩን ከፍታ ቆማለች። ጋቢውን አየች፣ ባዶ እግሬን አየች፣ ፀጉሬ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ቅጠል አየች። የተሸከምነው ነገር ከጋቢው ሥር የተደበቀ መስሏት «ታርዷል?» አለች።

ሰይድ ክንዴን ይዞ ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ።

«አልታረደም» አላት። «ግን በነፍሱ ደርሼበታለሁ።»